ለድልድዩ ክስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጠበቃው ለኣውኣሎም የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረው። «እስከ ሐሙስ ድረስ ከኮራ ጋር እንዳትነጋገር። በስልክም፣ በጽሑፍም፣ መንገድ ላይ ድንገት ብታገኛትም።» ኣውኣሎም ሦስቱንም ጊዜ እሺ አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ኮራን አላነጋገራቸውም። ሽማግሌ ነው የላከባቸው።

ተንኮለኛ ሰው ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱን እስኪደፍን ድረስ ሰው አታልሎ አያውቅም፤ ልሞክር ቢል እንኳ ጆሮው ስለሚቀላ ያስታውቅበታል። በእሱ ቤት ግን ማነጋገር ሌላ፣ ሽማግሌ መላክ ሌላ ነው። እንዲያውም ሽማግሌ የሚላከው ፊት ለፊት መነጋገር ያልተቻለ እንደሆነ አይደለም እንዴ? የአሜሪካ ሕግ ሁለቱን እንደ አንድ እንደሚያያቸው ያወቀው ሐሙስ ዕለት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሄደው ተመልሰው ነበር።

ክሱ የድልድይ ክስ ነው። በፓሲፊክ ዳርቻ ግሬይሊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባሕሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ስለከፈላት ወዲህና ወዲያዋን የሚያገናኘው ዘጠና ዓመት ያለፈው አንድ ድልድይ ብቻ ነው። መሐሉ ብረት ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ቅጥራን በጠጡ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆመዋል። ድልድዩ ስላረጀ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ከባድ መኪና እንዳያልፍበት ከከለከለ ቆይቷል። አምቡላንስ በሌላ መንገድ ሲዞር ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። የትምህርት ቤት አውቶቡስም ሕፃናቱን በዚህኛው ጫፍ ያራግፋቸዋል፤ በዝናብ በነፋስ በእግራቸው ተሻግረው ማዶ ሌላ አውቶቡስ ይሳፈራሉ።

ካውንቲው አዲስ ድልድይ ልሥራ ብሎ ሲነሣ አንድ የባሕር ተቆርቋሪዎች ማኅበር ከሰሰው። አዲሶቹ ምሰሶዎች የሚተከሉበት ጭቃ ላይ የባሕር ሣር ይበቅላል። የሳልሞን ግልገሎች የሚደበቁት እዚያ ሣር ውስጥ ነው፤ ከሰሜን የሚመጡት ዝይዎችም የሚግጡት እሱን ነው። ሣሩ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል ነው የማኅበሩ ክርክር። ክሱ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አንዱ ዳኛ ሲፈቅድ ሌላው ያግዳል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ የሰማንያ ዓመቷ ጡረተኛ መምህርት ኮራ ናቸው።

ኣውኣሎም የኮራን ስም ሲሰማ ቆሞ ከሆነ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ከሆነ ይነሣል። ከሱዳን ዴንቨር የገባው በሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ካፒቶል ሂል ውስጥ ከጓደኛው ከንጉሰና ከሌላ አንድ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ሁለት ዓመት ሰሐን አጠበ። ከዚያ የዓሣ ፋብሪካ ሥራ አለ ሲሉት ግሬይሊን ሄደ፤ ከፋብሪካውም ወደ ካውንቲው የድልድይ ጥገና ቡድን ተዛወረ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀበቶ ታጥቆ ከድልድዩ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ዝገት ፋቀ፣ ቀለም ቀባ። ባሕር የማያውቅ የደጋ ልጅ ከባሕር በላይ ተንጠልጥሎ ኖረ ማለት ነው።

ኮራ በየማለዳው ባይኖኩላር ይዘው ድልድዩ ላይ እየቆሙ ወፍ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጎኑ ተቀመጡና የሚያየው ፎቶግራፍ የማን እንደሆነ ጠየቁት። ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ የቀሩት ባለቤቱና ልጁ ነበሩ። ልጁን ኣዲያምን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ጨቅላ ሳለች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አይዞህ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። ኮራ ግን እስክሪብቶ አወጡና «ሙሉ ስማቸውን ንገረኝ» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ጻፉ። ለኮንግረስ ተወካያቸው፣ ለኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ለቀይ መስቀል፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ላላቸው ባለ ሥልጣን ሦስተኛ ጊዜ። አርባ ሰባት ደብዳቤ። ማታ ማታ ደግሞ ከወፍ መጽሐፋቸው እንግሊዝኛ ያስተምሩት ነበር፤ ለዚህም ነው ኣውኣሎም እስከ ዛሬ የኩሽና ዕቃ ስም ሲጠፋው የባሕር ወፍ ስም ግን የማይጠፋው። ኣዲያም ስድስት ዓመቷ ላይ ከእናቷ ጋር ከአውሮፕላን ስትወርድ፣ የሕፃን ካፖርት ዘርግተው የጠበቋት ኮራ ናቸው። ካፖርቱ ልክክ አለላት፤ ቁመቷን በደብዳቤ ጠይቀው ነበርና።

ይህንን ሰው በምን ቃል ያመሰግነዋል? ኣውኣሎም ብዙ ጊዜ ሞክሯል። አፉን ሲከፍት ኮራ «ወረቀትና ቴምብር ነው» ብለው ይቆርጡታል። ባለቤቱ ከሞተች በኋላ ልጁ ወደምትኖርበት፣ ዴንቨር ጎን ወዳለችው ኦሮራ መጥቶ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለ አፓርትመንት ከገባም በኋላ፣ በየዓመቱ በገና ካርድ ይላላካሉ። ካርዱ ላይ ምስጋና ከጻፈ መልሱ ላይ ስለ ዝይዎች ብቻ ይመጣለታል።

አሁን ደግሞ ለኮራ በጭራሽ ያልነገራቸውን ነገር ስሙ። ቡድኑ የድሮውን ቀለም ከብረቱ ላይ ሲፍቅ፣ ፍቅፋቂው በሸራ ተጠቅልሎ መወሰድ ነበረበት። ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዝ አለበት። ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ሸራ የሚባል አልተዘረጋም። ፎርማኑ «ጣለው፣ ባሕሩ ሰፊ ነው» ይላል፤ እነሱም ይጥላሉ። ኮራ ከላይ ወፍ ሲቆጥሩ፣ ማታም ለእሱ ቤተሰብ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ እሱ ከሥር ሆኖ እሳቸው ከልጅ አስበልጠው የሚወዱት ባሕር ውስጥ መርዝ ያራግፍ ነበር። ቢናገር ከሥራ ይባረራል፤ ከተባረረ ደግሞ የቤተሰቡ ማመልከቻ ይወድቃል። ዝም አለ። ቤተሰቡ ከመጡ በኋላም ዝም ማለቱን ቀጠለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰበብ አልነበረውም።

የካውንቲው ጠበቃ ኦሮራ ድረስ አፈላልጎ ያገኘው ከዚያ ቡድን በሕይወት የቀረ እሱ ብቻ ስለነበር ነው። «ሥራ ላይ ሳለህ ስለ ባሕሩ ሣር ያየኸው ነገር አለ?» አለው በስልክ። ኣውኣሎም ያየውን ነገረው። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል። ቅጥራን በጠጣው ምሰሶ ሁሉ ዙሪያ ሣር የለም፤ ባዶ ነው። ባዶው በየዓመቱ ይሰፋል። ሣሩን የሚገድለው ሊመጣ ያለው ድልድይ ሳይሆን ያለው ነው።

ጠበቃው በደስታ ከወንበሩ የተነሣ ይመስል ነበር። ክሱን የሚገለብጥ ቃል አገኘ። ኣውኣሎም ግን ቀጥሎ ስለ ፍቅፋቂው ሲነግረው ድምፁ ቀዘቀዘ። «ይሄንን ካልተጠየቅህ አታንሣው» አለው።

ኣውኣሎም ሳምንት ሙሉ እህል አልጥም አለው። አለመመስከር አይችልም፤ እነዚያ ሕፃናት በዝናብ ሲሻገሩ ይታዩታል፤ ድልድዩን ከሥሩ ስለሚያውቀው ምን ላይ እንደሚራመዱ ያውቃል። ግማሹን ብቻ መናገርም አይሆንለትም። ሁሉን ከተናገረ ደግሞ ቤተሰቡን በአርባ ሰባት ደብዳቤ ያስመጡለትን ኮራን በሰማንያ ዓመታቸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ያዋርዳቸዋል። ውለታ ቢስ ከመባል የከፋ ስድብ አያውቅም። ይህንን ስም በራሱ አፍ ራሱ ላይ ሊያወጣው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ኣዲያም ከሆስፒታል ሥራዋ ስትመለስ ብቅ አለችና «ዳዲ፣ ኮራ ቴክስት አድርጋልኛለች» አለችው። «ለሐሙሱ ዲፖዚሽን መጥታለች። ከሐሙስ በፊት ልታይህ አትችልም፣ ግን አይ ሎቭ ዩ በዪው ብላለች።»

ዲፖዚሽን የሚሉት በጠበቃ ቢሮ ውስጥ በመሐላ የሚሰጥ ምስክርነት ነው።

«የት ነው ያረፉት?» አለ ኣውኣሎም፣ ግድ እንደሌለው ሰው ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ። ጆሮው ቀልቷል።

«ኤርፖርቱ ጋ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ነው። ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲያው ነው።»

እሷ ከወጣች በኋላ ንጉሰ ጋ ደወለ። ንጉሰ ያ የካፒቶል ሂል ጓደኛው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ ጡረታ ቢወጣም ከሽምግልና ግን አልወጣም። ዴንቨር ውስጥ ሊፋቱ ሲሉ የመለሳቸውን ባልና ሚስት ቢሰበስቧቸው አንድ አዳራሽ ይሞላሉ። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ «አንተ ለምን እስካሁን ዝም አልክ?» ብሎ ተቆጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሰው መምረጥ ጀመረ። ሁለተኛው ሽማግሌ ፓስተር በድሉ ሆኑ፤ በሳምንቱ ቀናት አረጋውያን መጦሪያ ስለሚሠሩ አሮጊት ማባበል ያውቃሉ ተብሎ። ለሦስተኛነት ደግሞ ሃቫና ስትሪት ላይ የባልትና ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ራሳቸውን መረጡ። «ሴት ጋ ስትሄዱ ሴት ትኑርበት» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ተከራክሯቸው የረታ ሰው የለምና።

ረቡዕ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ኣውኣሎም ሦስቱን አሳፍሮ ሆቴሉ ማዶ ፓርክ አደረገ። ቃሉን ስለሰጠ እሱ ከመኪናው አልወረደም። ፓስተር በድሉ ከረባት አስረዋል፤ ወይዘሮ ብርቅነሽ የጋገሩትን ሕምባሻ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ፓስተሩ ከመውረዳቸው በፊት አጭር ጸሎት እናድርስ ብለው ረጅም ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ገቡ። ኣውኣሎም መሪውን እንደጨበጠ አርባ ደቂቃ ተቀመጠ።

ሲመለሱ ሕምባሻው አብሯቸው ነበር። ኣውኣሎም መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አልተቀበሉም?»

«ቆይ እንጂ፣ በሥርዓቱ ልንገርህ» አለ ንጉሰ ቀበቶውን እያሰረ። «ሎቢው ውስጥ ነው ያገኘናቸው። ማን እንደላከን ነገርናቸው። ተቀመጡ አሉ። ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም አልን። የሆቴሉ ልጅ ወንበሩ ቆሽሾ መስሎት በጨርቅ ሊጠርግ መጣ።»

«ሁለት ጊዜ ጠረገው፣ ምስኪን» አሉ ፓስተር በድሉ።

«ከዚያ ልጃችን ኣውኣሎም ነገ ምሎ ይመሰክራል አልኳቸው። የሚናገረው እውነት ያሳዝንዎታል። ክሱን ይተዉ አላልንም፤ ስለ ክሱ አንዲት ቃል አንናገርም። ብቻ አስቀድመው ይቅር ይበሉት፣ እንዳይቀየሙት አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

ንጉሰ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ምን እንዳደረገ ሳላውቅ ይቅር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገ ይናገር፣ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ እመልስላችኋለሁ አሉ። ይሄ እምቢታ አይደለም። ቀጠሮ ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ እሺ የተባለ ሽማግሌስ የት አለ?»

«እምቢታ ነው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ብርቅነሽ ከኋላ ወንበር። «ግን እውነተኛ ሴት ናቸው። እኔ ወድጃቸዋለሁ።»

ኣውኣሎም መኪናውን አስነሣ። ኮራ ትክክል ናቸው። ይቅርታን በጭፍን ልሸምት ብሎ ሦስት የተከበሩ ሰዎች አቆመ። አፈረ። ነገር ግን የሚገርመው፣ ማፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀለለው፤ አሁን ሁሉን ከመናገር ሌላ መውጫ አልተረፈውም።

ሐሙስ ጠዋት ዴንቨር መሐል ከተማ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ የጠበቆች ቢሮ። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ቀጠሮ ተሰጥቶን እንዴት እንቀራለን አሉ። ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በአንድ በኩል የካውንቲው ጠበቃ፣ በሌላ በኩል የማኅበሩ ጠበቃ፣ ቃል የምትጽፍ ሴት፣ ሔርሜላ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ አስተርጓሚ። ኮራ ከፊቱ ናቸው። አጥረዋል፤ ጆሯቸው ላይ መስሚያ አለ። ኣውኣሎም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም፤ እጃቸውን ብቻ አየ። ያ ሁሉ ደብዳቤ የተጻፈበት እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጣጥፏል።

ኣውኣሎም ማለ። የካውንቲው ጠበቃ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ዘና ብሎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጣለ። «ከከሳሾቹ ጋር በቀጥታም ሆነ በሌላ ሰው በኩል ተነጋግረዋል?»

«በቀጥታ አልተነጋገርኩም» አለ ኣውኣሎም። «ትናንት ሽማግሌ ልኬባቸዋለሁ።»

ሔርሜላ ለአፍታ ቆመችና ተረጎመችው። ዳር ዳሩን አስረዳች፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ለማስታረቅ የሚሄዱ ናቸው አለች። የጠበቃው እስክሪብቶ ቆመ። የማኅበሩ ጠበቃ ወደ ኮራ ዞረች። «ከምስክሩ ጋር ተነጋግረሻል?»

«እኔ? ምስክሩን አላየሁትም» አሉ ኮራ። «ዳቦ የያዙ ሦስት ሰዎች ናቸው የመጡት። ዳቦውንም ይዘውት ሄዱ።»

«የት ነው ያሉት አሁን?» አለ የካውንቲው ጠበቃ፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«ከበሩ ውጭ ናቸው» አለ ኣውኣሎም።

ሁለቱ ጠበቆች አራት ዓመት ሲጣሉ ኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ሁለቱንም ጉንጭ ለጉንጭ ሳሟቸው። ጠበቆቹ ሽማግሌዎቹን ምን ጠይቃችሁ ምን ተመለሰላችሁ ብለው መርምረው፣ ቃላቸውን አስጽፈው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። ስለ ክሱ አንዲት ቃል አለመነገሩ አዳናቸው። ምስክርነቱ ይቀጥል ተባለ።

ኣውኣሎም ሣሩን ተናገረ። የትኛው ምሰሶ፣ በየትኛው ወገን፣ ባዶው በእርምጃ ስንት እንደነበረና ስንት እንደደረሰ። የካውንቲው ጠበቃ አመስግኖ ሊያበቃ ሲል ኣውኣሎም እጁን አነሣ።

«አላለቀም። ያልተጠየቅሁት አለ።»

ጠበቃው በዓይኑ ለመነው። ኣውኣሎም ግን የድልድዩን ቀለም ተናገረ። ስድስቱን ዓመት፣ ያልተዘረጋውን ሸራ፣ በገዛ እጁ የጣለውን። ፎርማኑ አዝዞ ነበር፣ ግን እጁ የእኔ ነበር አለ። ኮራ ከላይ ቆመው እንደነበርም ተናገረ። ሔርሜላ ስትተረጉም ድምፅዋ ዝቅ እያለ ሄደ። ኣውኣሎም የኮራን እጅ እያየ ነበር። የተጣጠፈው እጃቸው ተፈታ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ያዘ።

የማኅበሩ ጠበቃ ተራዋ ሲደርስ አልራራችም፤ ሥራዋ ነው። «እርስዎ ቀለም ቀቢ ነበሩ። የባሕር ሳይንስ ተምረዋል?»

«አልተማርኩም።»

«ታዲያ ያ ባዶ ቦታ ፊትም ሣር ያልበቀለበት አለመሆኑን በምን ያውቃሉ? ሣሩ የትኛው እንደሆነስ በምን ይለያሉ? ከሌላው አረም እንዴት ሊለዩት ቻሉ? ማን ነው ይህንን ያስተማረዎት?»

ኣውኣሎም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ኮራን አያቸው። ዓይናቸው አልተለወጠም፤ ያው ወፍ የሚቆጥሩበት ሰማያዊ ዓይን ነው።

«እሳቸው» አለ።

ጠበቃዋ ሌላ ጥያቄ ልትከፍት ስትል ኮራ ክንዷን ያዙት። «ይበቃል። እረፍት እንውሰድ።»

ኣውኣሎም ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳ ተደገፈ። ሽማግሌዎቹ ከበቡት፤ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀው የለም፣ ፊቱ ይናገራል። በሩ ተከፈተና ኮራ ወጡ። ጠበቃቸው ከኋላ እየተከተለች «ምስክርነቱ ሳያልቅ ልታነጋግሪው አትችዪም» ትላለች።

«ማን አነጋገረው?» አሉ ኮራ ሳይዞሩ። «እነዚህ ሽማግሌዎች መልስ ይጠብቃሉ። ለእነሱ ቀጠሮ አለብኝ።»

መጥተው ንጉሰ ፊት ቆሙ። ኣውኣሎም ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ነው የቆመው፤ እንግሊዝኛውን ከእሳቸው ነው የተማረው። እሳቸው ግን ንጉሰን ብቻ እያዩ፣ በየቃሉ እያረፉ ይናገሩ ጀመር።

«ስለ ቀለሙ ተቀይሜያለሁ በለው።»

ንጉሰ ወደ ኣውኣሎም ዞረ። «ስለ ቀለሙ ተቀይመዋል።»

«ልክ ናቸው በላቸው» አለ ኣውኣሎም።

«ልክ ነዎት ይላል።»

«ግን ያንን ባዶ ቦታ እኔም አይቼዋለሁ በለው። ዓይን የለኝም? ብናገር ክሱ ይፈርስብኛል ብዬ አራት ዓመት ዝም አልኩ። እሱ መጀመሪያ ዝም ያለው ለልጁ ነው፤ እኔ ግን ለማሸነፍ ብዬ ነው። ስለዚህ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሱም ይቅር ይበለኝ።»

ንጉሰ ይህን ሲያደርስ ኣውኣሎም ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «እኔ ለእሳቸው ይቅር ባይ ልሁን? በላቸው፣ ይህን አይጠይቁኝ በላቸው።»

«ይቅር ብሏል» አለ ንጉሰ በራሱ ሥልጣን።

ኮራ ጠበቃቸው እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዛሬ ለማኅበሩ እደውላለሁ በለው። አዲሱ ድልድይ ይሠራ፣ እንታረቅ እላቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ የድሮዎቹ ምሰሶዎች ጭቃው ላይ ተቆርጠው እንዳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ከሥራቸው ይነቀሉ። የትኛው ምሰሶ የት እንዳለ የሚያሳይ ሰው ደግሞ ያስፈልገናል።»

ንጉሰ አደረሰ። ጠበቃዋ ግንባሯን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ብርቅነሽ ጎኗ ሄደው ጀርባዋን ይደባብሱላት ጀመር።

ኮራ ወደ ንጉሰ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ከዚያ ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«ሠላሳ ዓመት ሊያመሰግነኝ ሲሞክር አፉን ያዘጋሁት ለምን እንደሆነ ንገረው። ባለዕዳዬ እንዲሆን አልፈለግሁም። እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፍኩት ሚስቱና ልጁ አጠገቡ ሆነው፣ ማንንም ሳይፈራ ያየውን የሚናገር ሰው እንዲሆን ነበር። ዛሬ እኔንም ሳይፈራ ተናገረ። ንገረው፣ አመሰግንሃለሁ ብላለች በለው።»

ንጉሰ ወደ ኣውኣሎም ዞረ። አፉን ከፈተ። አንድም ቃል አልወጣለትም። ፓስተር በድሉን አየ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ይጠርጋሉ። እንደገና ወደ ኣውኣሎም ዞረ።

«ተወው፣ ንጉሰ» አለ ኣውኣሎም። «ሰምቻለሁ።»